የቬኒስ ጭምብል፦ ፊት ሲሸፈን ሕግ የሚጠብቀው

በአውሮፓ የክረምት ማብቂያ፣ የምዕራቡ ዓለም ክርስቲያኖች ዐቢይ ጾምን ከመያዛቸው በፊት ባሉት ሳምንታት፣ የጣልያኗ ቬኒስ ከተማ ጠባብ መንገዶችና ድልድዮች በነጫጭ ፊቶች፣ በወርቅ ቅብ ጭምብሎችና በረጃጅም ካባዎች ይሞላሉ። ይህ ትዕይንት በፎቶግራፍና በፊልም ዓለምን ስለዞረ ለብዙዎች የጌጥና የውበት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በቬኒስ ሪፐብሊክ ዘመን ግን ጭምብል ጌጥ ከመሆኑ በፊት የሕግ ጉዳይ ነበር። ማን፣ መቼና የት ፊቱን መሸፈን እንደሚችል የሚወስነው መንግሥት ነበር። ዛሬ ጭምብሉ በሺዎች እየተሸጠ፣ ጭምብሉን ባህል ያደረገው ነዋሪ ግን ከከተማዋ እየለቀቀ በሄደበት ጊዜ፣ የዚህን ልማድ ታሪክ መመርመር ከቱሪስት ትርኢት ጀርባ ያለውን ጥያቄ ለመረዳት ያግዛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ካርኒቫልና ቅበላ

«ካርኒቫል» የሚለው ቃል ከላቲን የተወረሰ ሲሆን፣ የቋንቋ ሊቃውንት በአብዛኛው «ሥጋን ማንሣት» ወይም «ሥጋን መተው» ከሚል ሐረግ ያያይዙታል። ትርጉሙ በዓሉ ከጾም ጋር ያለውን ዝምድና ያሳያል። ጾም ከመግባቱ በፊት የቀረው ሥጋ ይበላል፣ ወይኑ ይጠጣል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። የበዓሉ የመጨረሻ ቀን «የስብ ማክሰኞ» ይባላል። በማግስቱ «የዐመድ ረቡዕ» ይውላል፤ ምእመናኑም ግንባራቸውን ዐመድ ተቀብተው ጾም ይጀምራሉ።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያሉት ቀናት «ቅበላ» ይባላሉ። ቤተ ዘመድ የሚጠራራው፣ በግ የሚታረደው፣ ክትፎውና ጥብሱ የሚቀርበው በዚሁ ሰሞን ነው። በጾም ወራት ጋብቻ ስለማይፈጸምም ሠርጉ ከዚያ በፊት ይደገሳል። ልዩነቱ የኢትዮጵያው ቅበላ በየቤቱ በማዕድ ዙሪያ የሚከበር ሲሆን፣ የቬኒሱ ግን ወደ አደባባይ የወጣና ፊቱን የሸፈነ መሆኑ ነው። የሁለቱ አቆጣጠር አንዳንዴ አስገራሚ መተላለፍ ይፈጥራል። በ2025 የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 20፣ ውሎ ነበር። ይሁንና የኢትዮጵያ ምእመናን የካቲት 24 ጾም ሲገቡ፣ ቬኒሳውያን እስከ መጋቢት 4 ድረስ ገና በካርኒቫል ላይ ነበሩ።

የቬኒስ ካርኒቫል በጽሑፍ ተጠቅሶ የሚገኘው በ1094 በወጣ ሰነድ ነው። በ1296 ደግሞ የከተማይቱ ሴኔት ከጾም መግቢያ በፊት ያለውን ቀን በይፋ የበዓል ቀን አድርጎ ደነገገ።

ሕግ የሚከተለው ፊት

ስለ ቬኒስ ጭምብል ከሚታወቁት ሰነዶች የመጀመሪያው ስለ ውበቱ የሚናገር አይደለም። የ1268 ክልከላ ነው። በዚያ ዘመን ጭምብል ያደረጉ ወጣቶች ሽቶ ያዘለ ውኃ የተሞሉ እንቁላሎችን በሴቶች ላይ የመወርወር ጨዋታ ነበራቸው። ሕጉ ያንን ጨዋታ ከለከለ። በሌላ አነጋገር ጭምብል በታሪክ መዝገብ የገባው ባለቤቱ ማን እንደሆነ ባለመታወቁ ምክንያት ነው።

ቀጥለው በነበሩት ምዕተ ዓመታት ክልከላዎቹ ተደራረቡ። ጭምብል ያደረገ ሰው በሌሊት በከተማይቱ እንዳይዘዋወር፣ ወደ ደናግል ገዳማት እንዳይገባ፣ የጦር መሣሪያ እንዳይታጠቅ የሚያግዱ ድንጋጌዎች በየጊዜው ወጡ። አንድ ሕግ ደጋግሞ መውጣቱ ደጋግሞ መጣሱን ያመለክታል። በ1608 ደግሞ ከሪፐብሊኩ እጅግ የሚፈራው የጸጥታ አካል፣ የዐሥሩ ምክር ቤት፣ ጭምብል ከካርኒቫልና ከይፋዊ ግብዣዎች ውጭ እንዳይደረግ አዘዘ። ትእዛዙን የጣሰ ወንድ ቅጣቱ እስራት፣ እግሩን በሰንሰለት ታስሮ በጦር መርከብ ላይ መቅዘፍና 500 ሊሬ መክፈል ነበር።

ይሁንና መንግሥቱ ጭምብልን ጨርሶ አላጠፋውም። እንዲያውም ሥራውን በሙያ ደረጃ አውቆታል። በ1436፣ ፍራንቼስኮ ፎስካሪ «ዶጅ» በሚባለው የሪፐብሊኩ ርእሰ መንግሥትነት ማዕረግ ላይ ሳሉ፣ ጭምብል ሠሪዎች የራሳቸው የሙያ ደንብ ተጻፈላቸው። ሠሪዎቹ ከሠዓሊዎች ማኅበር ጋር የተዛመዱ ነበሩ፤ ሥራቸው ቅርጽ ከማውጣት ባሻገር ቀለም መቀባትንም ይጠይቅ ነበርና። አንዱ የመንግሥት እጅ ጭምብል አድራጊውን እየቀጣ፣ ሌላው እጁ ጭምብል ሠሪውን መዝግቦ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

«አቶ ጭምብል»

የካርኒቫሉ ወቅት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ ሄደ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጭምብል ማድረግ የሚፈቀደው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ገና፣ ከገና ማግስት እስከ ጾም መግቢያ፣ እንዲሁም በዕርገት በዓል ሰሞን ነበር። ይህ ሲደመር የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሸፍናል። ስለዚህ ጭምብል የአንድ ሳምንት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ተዕለት ኑሮ ልብስ ሆነ።

በዚያ ዘመን የገነነው አለባበስ «ባውታ» ይባላል። ባውታ ጭምብል ብቻ ሳይሆን ሙሉ አለባበስ ነው። ራስንና ትከሻን የሚሸፍን ጥቁር የሐር ወይም የዳንቴል መከናነቢያ፣ ረጅም ካባ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣና «ላርቫ» የተባለ ነጭ ጭምብል ያካትታል። «ላርቫ» በላቲን ጭምብልንም መናፍስትንም የሚያመለክት ቃል ነው፤ ነጩ ፊት በሌሊት መብራት ሲታይ ስሙ ለምን እንደተሰጠው መገመት አያስቸግርም።

የላርቫው አሠራር ብልሃት የተሞላበት ነው። ከአፍንጫው በታች ያለው ክፍል ወደ ፊት ወጣ ብሎ ስለሚቆም፣ ባለቤቱ ጭምብሉን ሳያወልቅ መብላት፣ መጠጣትና መነጋገር ይችላል። ድምፁም በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ስለሚያስተጋባ ይለወጣል። ባርኔጣው ፀጉሩን፣ መከናነቢያው አንገቱን፣ ካባው የልብሱን ጥራት ይሸፍናል። ሰውየው መኳንንት ይሁን ነጋዴ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ባለጸጋ ይሁን የከሰረ መለየት ያዳግታል። ወንዶችም ሴቶችም ይለብሱት ነበር።

ሰላምታውም ከዚሁ ጋር ተስማምቶ ነበር። በቬኒስ ዘዬ ጭምብል ያደረገ ሰው «ሲዮር ማስከራ» ይባል ነበር፤ በአማርኛ «አቶ ጭምብል» እንደማለት ነው። በማዕረግ መጠራት፣ ከወንበር መነሣት፣ እጅ መንሳት ቀረ። በ1297 በተወሰደ እርምጃ የምክር ቤት አባልነት በተወሰኑ የመኳንንት ቤተሰቦች ብቻ እንዲያዝ ለተደረገባት፣ ማን ከማን እንደሚበልጥ በልብስ ቀለም ጭምር ለሚለይባት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

የጭምብልን ማኅበራዊ አገልግሎት ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳየው «ሪዶቶ» የተባለው ቁማር ቤት ነው። የቬኒስ መንግሥት በ1638 በሳን ሞይዜ አካባቢ በሚገኘው የዳንዶሎ ቤተ መንግሥት አንድ ክፍል ከፈተው፤ በአውሮፓ በመንግሥት ፈቃድ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት ቁማር ቤቶች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ተጫዋቾቹ ጭምብል አድርገው ይገባሉ። ካርታውን የሚያድሉትና የቤቱን ገንዘብ የሚይዙት ግን ሀብታቸው የተሟጠጠ መኳንንት ሲሆኑ፣ እነርሱ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ የማዕረግ ካባቸውን ለብሰው መቀመጥ ነበረባቸው። ገንዘቡን የሚያጣው ይሸፈናል፤ በሌላው ገንዘብ የሚታመነው ይገለጣል። ብዙ ቤተሰቦችን ያደኸየው ሪዶቶ በ1774 በምክር ቤቱ ውሳኔ ተዘጋ።

ዝምታን የሚያስገድደው ጭምብል

ሁሉም ጭምብል ነጻነትን አይሰጥም ነበር። «ሞሬታ» የተባለው የሴቶች ጭምብል ክብ፣ ትንሽና ከጥቁር ከፋይ የተሠራ ነው። ማሰሪያ የለውም። በውስጥ በኩል ባለች ቁልፍ አማካይነት ባለቤቷ በጥርሷ ነክሳ ትይዘዋለች። ስለዚህ ጭምብሉ ከፊቷ ላይ እስካለ ድረስ መናገር አትችልም። ለመናገር ስትፈልግ ማውለቅ፣ ማለትም ማንነቷን መግለጥ አለባት። አንዳንዶች ይህን የማሽኮርመም ጨዋታ ያደርጉታል፤ ሴቲቱ ዝምታዋን ለማን እንደምትሰብር የምትመርጠው ራሷ ናት ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሴት ዝም እንድትል የተሠራ ጌጥ አድርገው ያዩታል። ሁለቱም አስተያየቶች ስለ አንድ ቁልፍ የሚናገሩ ናቸው።

ሞሬታና ባውታ ጎን ለጎን የሚታዩበት ዝነኛ ሥዕል አለ። በ1751 ክላራ የተባለች የእስያ አውራሪስ በአውሮፓ ከተሞች እየዞረች ስትታይ ቬኒስ ደረሰች። ሠዓሊው ፒዬትሮ ሎንጊ ትዕይንቱን ሥሎታል። አውራሪሷ ከፊት ሆና ድርቆሽ ትበላለች፤ ከኋላዋ የተደረደሩት ተመልካቾች ከፊሎቹ ነጭ ባውታ አድርገዋል፣ አንዲቱ ሴት ደግሞ ጥቁር ሞሬታ ይዛለች። ከሥዕሉ ቅጂዎች አንዱ በቬኒስ የካ ሬዞኒኮ ቤተ መዘክር፣ ሌላው በለንደን ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ይገኛል። አስደናቂዋን እንስሳ ለማየት የመጡት ሰዎች ከእንስሳዋ ይልቅ እንግዳ ሆነው መታየታቸው ሥዕሉን የማይረሳ ያደርገዋል።

እኩልነት ወይስ ርቀት?

ጭምብል በሰዎች መካከል እኩልነትን ፈጥሮ ነበር? በዚህ ጥያቄ ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም። ስለ ካርኒቫል በብዛት የሚጠቀሰው ሐሳብ የሩሲያዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ የሚኻይል ባኽቲን ነው። ባኽቲን በ1965 በታተመው ስለ ፈረንሳዊው ደራሲ ራብሌ በጻፈው መጽሐፉ፣ ካርኒቫል ሥርዓት የሚገለበጥበት፣ ታናሹ በታላቁ ላይ የሚስቅበት፣ ሕዝቡ ለጊዜውም ቢሆን ከፍርሃት ነጻ የሚሆንበት ዓለም መሆኑን አስረድቷል።

አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ጆንሰን ግን በ2011 ስለ ቬኒስ ጭምብል ባሳተመው መጽሐፉ ከዚህ የተለየ ክርክር ያቀርባል። በእርሱ አመለካከት የቬኒስ ጭምብል ሥርዓቱን አልገለበጠም፤ ይልቁንም አቆይቶታል። የቬኒስ መኳንንት ከውጭ አገር መልእክተኞች ጋር መገናኘት በጥብቅ የተከለከሉ ነበሩ። ከተራው ሕዝብ ጋር መቀላቀልም ክብራቸውን ይነካ ነበር። ጭምብል ሲያደርጉ ግን በቲያትር ቤት፣ በቡና ቤትና በቁማር ጠረጴዛ ዙሪያ አብረው መቀመጥ ቻሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከጭምብሉ ሥር ያለው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን እንዳላወቀ ይሆናል። እንዲህ ሲታይ ጭምብሉ ዋና ሥራው መደበቅ ሳይሆን ርቀትን በአክብሮት መጠበቅ ነው። ሰዎቹ እኩል አልሆኑም፤ እኩል አለመሆናቸው ለጥቂት ሰዓታት ሳይነሣ ይቆያል።

ከጭምብሉ በላይ ደግሞ የመንግሥት ዐይን ነበር። ሪፐብሊኩ ሰፊ የወሬ አቀባዮች መረብ ዘርግቶ ነበር። በጀብዱውና በፍቅር ታሪኩ የሚታወቀው ቬኒሳዊው ጃኮሞ ካዛኖቫ የዚህ ሥርዓት ሁለት ገጽታዎች ምሳሌ ነው። በ1755 በመንግሥት መርማሪዎች ትእዛዝ ታስሮ በዶጆች ቤተ መንግሥት ጣሪያ ሥር ባለው እስር ቤት ተጣለ፤ በ1756 አመለጠ። ከረጅም ስደት በኋላ በ1774 ወደ ከተማው ተመልሶ ለእነዚያው መርማሪዎች ወሬ አቀባይ ሆኖ ሠራ። ጭምብል ፊትን ይሸፍናል፤ ሰሚ ጆሮን ግን አይዘጋም።

የወረርሽኝ ሐኪም

ዛሬ በቬኒስ ሱቆች መስኮት ከሚታዩት ጭምብሎች ብዙ ጎብኚዎችን የሚስበው እንደ ወፍ ምንቁር የረዘመ አፍንጫ ያለው ነው። «የወረርሽኝ ሐኪም» ይባላል፤ አመጣጡ ግን ከካርኒቫል አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች በሽታ የሚተላለፈው በመጥፎ ሽታ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በምንቁሩ ውስጥ ጥሩ መዓዛ ያላቸው ቅጠላ ቅጠሎችና ቅመማ ቅመሞች ይጨምሩ ነበር። ይህን አለባበስ ፈለሰፈ የሚባለው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ደ ሎርም ነው።

ቬኒስ ወረርሽኝን በሚገባ ታውቀዋለች። በ1576 ታላቁን ሠዓሊ ቲሲያኖን የወሰደው ወረርሽኝ አንዱ ነበር። በ1630 እና 1631 የመጣው ደግሞ ከከተማይቱ ነዋሪ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ፈጀ፤ በታላቁ ቦይ መግቢያ ላይ የቆመችው የሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው ከዚያ ወረርሽኝ ለመዳን በተገባ ስእለት ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም የመጣው «አርባ» ከሚለው የቬኒስ ቃል ነው፤ ከበሽታ አገር የመጡ መርከቦች ሰዎቻቸውን ሳያወርዱ የሚቆዩበትን የአርባ ቀን ጊዜ ያመለክታል።

ይህ ታሪክ በ2020 ተደገመ። የኮሮና ተሐዋሲ በሰሜን ጣልያን በመሠራጨቱ የዚያ ዓመት ካርኒቫል ሁለት ቀን ሲቀረው የካቲት 23 ተቋረጠ። ለጌጥ ጭምብል ያደረጉ ጎብኚዎች ከከተማዋ ወጡ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ነዋሪዎቹ የሕክምና ጭምብል አደረጉ። የአማርኛ ተናጋሪዎችም በያሉበት አገር «ጭምብል» የሚለውን ቃል በአዲስ ትርጉም የተጠቀሙት በዚያው ዓመት ነበር።

መጥፋትና መመለስ

ከሺህ ዓመት በላይ የቆየው የቬኒስ ሪፐብሊክ ግንቦት 12 ቀን 1797 በናፖሊዮን ጦር ግፊት ፈረሰ። ከተማይቱ በዚያው ዓመት ለኦስትሪያ ተሰጠች። አዲሶቹ ገዢዎች ፊቱን የሸፈነ ሕዝብ በአደባባይ ማየት አልወደዱም፤ ጭምብል በግል ግብዣዎችና በቲያትር ቤት ጭፈራዎች ብቻ ተወሰነ። ቬኒስ በ1866 ከጣልያን መንግሥት ጋር ከተቀላቀለች በኋላም የቀድሞው ልማድ አልተመለሰም። ጭምብል ያገለግለው የነበረው የመኳንንት ሥርዓት ራሱ አልነበረምና።

ካርኒቫሉ እንደገና የተወለደው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የከተማዋ ወጣቶችና ባለሙያዎች ያረጁ ሥዕሎችን እየተመለከቱ ጭምብል መሥራት ጀመሩ። በ1980 በማውሪትሲዮ ስካፓሮ የሚመራው የቬኒስ ቢዬናሌ የቲያትር ክፍል ካርኒቫሉን ከቲያትር ጋር አዋሕዶ ሲያቀርብ፣ አደባባዮቹ በሕዝብ ተሞሉ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ በየዓመቱ ይከበራል።

ጭምብል እንዴት ይሠራል?

ባህላዊው የቬኒስ ጭምብል የሚሠራው በሙጫ ከተነከረ ወረቀት ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ የሚፈልገውን ፊት በሸክላ አፈር ይቀርጻል። በቅርጹ ላይ ጄሶ አፍስሶ ሲደርቅ ያላቅቀዋል፤ በዚህም የፊቱን ቅርጽ በተገላቢጦሽ የያዘ ጎድጓዳ ማውጫ ያገኛል። «ጄሶ» የሚለው ቃል አማርኛ ከጣልያንኛ የወሰደው ነው፤ ሙጫን «ኮላ» የሚሉ አማርኛ ተናጋሪዎችም በቬኒስ ጭምብል ቤት ውስጥ ያንኑ ቃል ይሰማሉ።

ቀጥሎ ማውጫው እንዳይጣበቅ ቅባት ይቀባል። በሙጫ የራሰ ወፍራም ወረቀት እየተቀደደ በማውጫው ውስጥ ድርብርብ ሆኖ ይለጠፋል። በጣት ተጭኖ ወደ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ካልገባ የአፍንጫው ጫፍና የከንፈሩ ጠርዝ ጥርት ብለው አይወጡም። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ ከማውጫው ወጥቶ ጠርዙ ይስተካከላል፣ የዐይን ቀዳዳዎች ይቆረጣሉ። ከዚያ ነጭ መደብ ይቀባና በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በመጨረሻ ቀለም፣ ስስ የወርቅ ቅጠል፣ ላባ ወይም ጨርቅ ይጨመርበታል። አንዳንዶች ያረጀ እንዲመስል ጥቁር ሰም ወይም ቅባት ይቀቡትና መልሰው ይወለውሉታል። አንዱን ማውጫ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፤ እያንዳንዱን መቀባት ግን የእጅ ሥራ ነው።

ለዚህ ነው በእጅ የተሠራው ጭምብል ዋጋው የሚወደደው። በየመንገዱ የሚሸጡት ርካሽ ጭምብሎች ብዙዎቹ በፋብሪካ የተመረቱ ፕላስቲኮች ሲሆኑ ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ጭምብሉን ገልብጦ ማየት ይረዳል። የወረቀቱ ድርብርብ በውስጥ በኩል ይታያል፤ ሁለት ጭምብሎች ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ ክብደቱም ቀላል ነው። የፕላስቲኩ ውስጥ ግን ወጥና የሚያንጸባርቅ ነው።

ጭምብሉ የማን ነው?

የቬኒስ ታሪካዊ ማዕከል በ1951 ወደ 175,000 ነዋሪዎች ነበሩት። በ2022 ይህ ቁጥር ከ50,000 በታች ወርዷል። የቤት ኪራይ መወደድ፣ ቤቶች ለእንግዳ ማረፊያ መዋላቸውና ከቱሪዝም ውጭ ሥራ መጥፋቱ ሰውን ወደ ዋናው ምድር አሰድዷል። በ2024 ከተማዋ ለቀን ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ የመግቢያ ክፍያ መጠየቅ ጀመረች። በካርኒቫል ሰሞን በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ጭምብልና ያማረ ልብስ ለብሰው ለፎቶ የሚቆሙት ብዙዎቹ ከሌላ አገር የመጡ የበዓሉ አፍቃሪዎች ናቸው። በአንድ ወቅት ጎረቤት ከጎረቤቱ ፊቱን የሚሸፍንበት ጭምብል፣ ዛሬ እንግዳ ለእንግዳ የሚታይበት ሆኗል።

በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ሁኔታው ይለያል። በቤልጂየም ቢንሽ ከተማ በስብ ማክሰኞ ጠዋት «ጂል» የሚባሉት ተሳታፊዎች ሁሉም ተመሳሳይ የሰም ጭምብል ያደርጋሉ። በዚያ ልብስ ከከተማቸው ወጥተው አይታዩም፤ ልብሱንም ለመልበስ የከተማዋ ሰው መሆን ያስፈልጋል። በስዊዘርላንድ ባዝል ካርኒቫሉ የሚጀምረው ከዐመድ ረቡዕ በኋላ ባለው ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ የመንገድ መብራቶች ሁሉ ጠፍተው ነው። ጭምብል የሚያደርጉት ተሳታፊዎቹ ብቻ ናቸው፤ ተመልካቹ በተራ ልብሱ ይቆማል። ጭምብላቸውንም እንደ ቬኒሳውያን በዚያው ጥንታዊ ስም «ላርቬ» ይሉታል። ሁለቱም በዓላት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል፤ ሁለቱም ጭምብሉን ለነዋሪው ጠብቀው፣ ጎብኚውን ተመልካች ብቻ አድርገውታል።

ፊትን መሸፈን ዛሬም የሕግ ጉዳይ ነው። ጣልያን በ1975 በፖለቲካ ዓመፅ ወቅት ባወጣችው ሕግ፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር በሕዝብ ቦታ ማንነትን የሚሰውር መሸፈኛ ማድረግን ከልክላለች። ፈረንሳይ በ2010፣ ኦስትሪያ ደግሞ በ2017 ተመሳሳይ ሕጎችን አውጥተዋል። እነዚህ የኋለኞቹ ሕጎች ፊታቸውን በኒቃብ የሚሸፍኑ ሙስሊም ሴቶችን በቀጥታ ስለነኩ በሃይማኖት ነጻነት ላይ ሰፊ ክርክር አስነሥተዋል። ሁለቱም ሕጎች ግን ለባህላዊ በዓላት የተለየ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ በካርኒቫል ቀን ፊቱን የሸፈነ ሰው አይቀጣም። በአውሮፓ የሚኖር ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ ይህን ልዩነት በየዕለቱ ኑሮው ሊያገኘው ይችላል።

የ1608ቱ የቬኒስ ትእዛዝም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዐሥሩ ምክር ቤት አባላት ጭምብልን አልጠሉትም፤ እነርሱም በካርኒቫል ያደርጉት ነበር። የፈለጉት ፊት የሚሸፈንበትን ቀን ራሳቸው መወሰን ነበር። በቬኒስ ሱቆች የተሰቀሉት ነጫጭ ፊቶች የዚያ ክርክር ቅሪት ናቸው፤ ክርክሩ ራሱ ግን በፓሪስና በቪየና ፍርድ ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በባቡር ጣቢያዎች ቀጥሏል።